ፍራንዝ ፋኖን

ፍራንዝ ፋኖን (ሐምሌ 13 ቀን 1917 ዓ.ም. – ኅዳር 27 ቀን 1954 ዓ.ም.፤ እ.ኤ.አ. 1925–1961) በማርቲኒክ ደሴት የተወለደ የአእምሮ ሐኪም፣ ደራሲና የአልጄሪያ የነጻነት ታጋይ ነበር። ቅኝ ግዛት በሰው አእምሮ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት በሆስፒታል ውስጥ ሕሙማንን እያከመ ያጠና ሲሆን፣ «ጥቁር ቆዳ፣ ነጭ ጭምብል» እና «የምድር ጎስቋሎች» በተባሉት መጻሕፍቱ በመላው ዓለም ይታወቃል። ስሙ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ቅኝ ተገዥዎች መሣሪያ እንዲያነሱ በመደገፉ ነው። ይሁን እንጂ ዓመፅ በፈጸመውም በተፈጸመበትም ሰው ላይ የሚተወውን የአእምሮ ቁስል በዝርዝር መዝግቦ ያቆየው ይኸው ሐኪም ነው። ሲሞት ዕድሜው 36 ዓመት ነበር። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልደትና አስተዳደግ

ፋኖን በ1925 በማርቲኒክ ዋና ከተማ በፎር ደ ፍራንስ ተወለደ። ማርቲኒክ በካሪቢያን ባሕር የምትገኝ ደሴት ስትሆን ከ1635 ጀምሮ በፈረንሳይ እጅ ነበረች። አብዛኛው ሕዝቧ ለሸንኮራ አገዳ እርሻ ከአፍሪካ በባርነት ከተጋዙ ሰዎች የተወለደ ነው። ባርነት በደሴቲቱ የተሻረው በ1848 ነበር። አባቱ ካዚሚር ፋኖን የጉምሩክ ሠራተኛ፣ እናቱ ኤሌኦኖር ደግሞ ባለ ሱቅ ነበሩ። ፋኖን ከስምንት ልጆች አምስተኛው ሲሆን፣ ቤተሰቡ ልጆቹን ጥሩ ትምህርት ቤት ለማስገባት የሚችል ነበር።

በደሴቲቱ ሕዝቡ በቤቱና በገበያው የሚናገረው ክሪዮል የተባለውን ቋንቋ ነው። በትምህርት ቤት ግን የሚከበረው ፈረንሳይኛ ብቻ ነበር። ልጆቹ ራሳቸውን እንደ ፈረንሳዮች እንዲያዩ፣ አፍሪካን ግን የኋላ ቀሮች አገር አድርገው እንዲያስቡ ይማሩ ነበር። ፋኖን በተማረበት በሊሴ ሾልሼር ባለቅኔው ኤሜ ሴዜር ያስተምር ነበር። ሴዜር ጥቁርነት የሚያሳፍር ሳይሆን የሚያኮራ መሆኑን በአደባባይ መናገሩ በዚያን ዘመን ለደሴቲቱ ነዋሪዎች እንግዳ ነገር ነበር።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት

በ1940 ፈረንሳይ በናዚ ጀርመን ስትሸነፍ ማርቲኒክ ለቪሺ መንግሥት ታማኝ በሆነው በአድሚራል ዦርዥ ሮቤር አገዛዝ ሥር ወደቀች። በሺዎች የሚቆጠሩ የፈረንሳይ መርከበኞች በደሴቲቱ ሰፍረው የነዋሪውን ምግብ፣ ቤትና ጎዳና ተቆጣጠሩ። እስከዚያ ድረስ በጨዋ ደንብ ተሸፍኖ የኖረው የዘር ንቀትም በግልጽ ወጣ። ፋኖን በ1943 የታላቅ ወንድሙ ሠርግ በነበረበት ዕለት በድብቅ በጀልባ ወደ ጎረቤቷ ደሴት ዶሚኒካ ተሻግሮ ከጄኔራል ደ ጎል ወገን ለመሰለፍ ሞከረ። የቪሺ አገዛዝ በማርቲኒክ ከወደቀ በኋላም በፈቃደኝነት ወታደር ሆነ።

በ1944 ወደ ሞሮኮና ወደ አልጄሪያ ከተላከ በኋላ በደቡብ ፈረንሳይ በተደረገው ዘመቻ ተካፈለ። በሠራዊቱ ውስጥ ነጮቹ ከላይ፣ የካሪቢያን ሰዎች መካከል፣ የሴኔጋልና የሌሎች አፍሪካ አገሮች ወታደሮች ደግሞ ከታች ሆነው ሲመደቡ አየ። ሰሜን አፍሪካ ውስጥ የአካባቢው ሕዝብ ተርቦ፣ በገዛ አገሩም ተንቆ ሲኖር ተመለከተ። በዚያው ዓመት በምሥራቅ ፈረንሳይ በሞርታር ፍንጣሪ ቆሰለና የጦር ሜዳ ኒሻን ተሸለመ። የሽልማቱን ጽሑፍ የፈረመው ኮሎኔል ራውል ሳላን ነበር። ይህ መኮንን ከዓመታት በኋላ በአልጄሪያ የፈረንሳይ ጦር አዛዥ፣ ቀጥሎም የአልጄሪያን ነጻነት በሽብር ለመከልከል የተነሳው የኦ.ኤ.ኤስ. ድርጅት መሪ ሆኗል።

ፋኖን በ1945 ለወላጆቹ በላከው ደብዳቤ ጊዜው ላለፈበት ዓላማ መሰለፉ ስሕተት እንደነበር ገልጿል። ነጻ ያወጣቸው የፈረንሳይ ከተሞች ጥቁር ወታደርን እንደ ነጻ አውጪ አለማየታቸው ልቡን አቁስሎት ነበር።

ትምህርትና የመጀመሪያው መጽሐፍ

ከጦርነቱ በኋላ ለአጭር ጊዜ ወደ ማርቲኒክ ተመልሶ ሴዜር ለፈረንሳይ ምክር ቤት ሲወዳደር በምርጫ ቅስቀሳው ረዳ። ከዚያም ለቀድሞ ወታደሮች በሚሰጠው የትምህርት ዕድል ወደ ፈረንሳይ ሄዶ በሊዮን ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተማረ። ከሕክምናው ጎን የፈላስፋውን የሞሪስ መርሎ ፖንቲን ትምህርት ይከታተል፣ ተውኔትም ይጽፍ ነበር።

ስለ ጥቁሮች የአእምሮ ሁኔታ የጻፈውን ሥራ ለሐኪምነት መመረቂያ ሊያቀርበው አስቦ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲው ግን አልተቀበለውም። በ1951 በአንድ የነርቭ በሽታ ላይ ሌላ ጽሑፍ አዘጋጅቶ ተመረቀ። የመጀመሪያው ጽሑፍ በ1952 «ጥቁር ቆዳ፣ ነጭ ጭምብል» በሚል ርዕስ በፓሪስ ታተመ።

መጽሐፉ የሚጠይቀው አንድ ሰው ራሱን በበታችነት የሚያየው ለምንድን ነው የሚለውን ነው። እንደ ፋኖን አስተያየት ችግሩ ከሰውየው ተፈጥሮ አይመነጭም። ልጁ የሚያነበው ታሪክ፣ የሚማርበት ቋንቋ፣ የሚያየው ፊልም ሁሉ ነጭነትን ከመልካምነት፣ ጥቁርነትን ከክፋት ጋር ስለሚያያይዙበት ንቀቱ ቀስ በቀስ የራሱ ስሜት ይሆናል። ሰውየው ፈረንሳይኛን አጥርቶ ቢናገርና ልብሱን ቢያሳምር እንኳ፣ ነጭ ሕፃን በመንገድ ላይ አይቶት ሲደነግጥ መልሶ ቆዳው ብቻ ይሆናል። ስለዚህ በሽታውን ለማዳን ግለሰቡን ብቻ ማከም አይበቃም፤ በሽታውን የሚወልደው ማኅበረሰብም መለወጥ አለበት።

በዚያው ዓመት በሊዮን ስለሚኖሩ የሰሜን አፍሪካ የቀን ሠራተኞች ጻፈ። ሠራተኞቹ መላ አካላታችንን ያመናል ብለው ሲመጡ ሐኪሞች ቁስል ስለማያገኙባቸው ሰነፎችና ውሸታሞች ይሏቸው ነበር። ፋኖን ግን ከቤተሰቡ ርቆ፣ በሰው አገር ተንቆ፣ ያለ ደህና መኖሪያ የሚኖር ሰው ሕመሙ እውነተኛ መሆኑን አስረዳ። በ1952 ጆዚ ዱብሌ የተባለች ፈረንሳዊት አገባ፤ በ1955ም ኦሊቪዬ የተባለ ልጅ ወለዱ። ከዚያ በፊት ከሌላ ሴት የተወለደች ሚሬይ የተባለች ልጅ ነበረችው።

በሳን ታልባን

ፋኖን የአእምሮ ሕክምናን በጥልቀት የተማረው በደቡብ ፈረንሳይ ተራሮች መካከል በሚገኘው የሳን ታልባን ሆስፒታል ነው። በዚያ የሚያስተምረው ፍራንሷ ቶስኬዬስ ከጄኔራል ፍራንኮ ሸሽቶ የመጣ የካታሎኒያ ሰው ነበር። የቶስኬዬስ ዘዴ ሆስፒታሉ ራሱ መታከም አለበት ከሚል ሐሳብ ይነሳል። ሕሙማን እንደ እስረኛ በግንብ ተዘግተው የሚቀመጡ ከሆነ የባሰ ይታመማሉ። ስለዚህ ሕሙማን ስብሰባ ያደርጋሉ፣ ጋዜጣ ያዘጋጃሉ፣ ይሠራሉ፣ ከመንደሩ ሰው ጋርም ይገናኛሉ። ፋኖን ይህን ዘዴ ይዞ ወደ አልጄሪያ ሄደ።

በብሊዳ ሆስፒታል

በኅዳር 1953 ፋኖን ከአልጀርስ በስተደቡብ ምዕራብ በሚገኘው በብሊዳ ጆንቪል የአእምሮ ሆስፒታል የክፍል ኃላፊ ሆነ። አልጄሪያ በፈረንሳይ ከተያዘች ከ120 ዓመት በላይ ሆኗት ነበር። ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ አውሮፓውያን ሰፋሪዎች ለም መሬቱንና ሥልጣኑን ይዘው፣ ዘጠኝ ሚሊዮን ያህል ሙስሊሞች ከሥራቸው ይኖሩ ነበር። የአልጀርስ ሐኪሞችም ይህን ሥርዓት የሚደግፍ ትምህርት ነበራቸው። የአንትዋን ፖሮ ተከታዮች አልጄሪያዊ ከአንጎሉ አሠራር የተነሳ ግልፍተኛ፣ ውሸታምና ወንጀለኛ ነው ብለው ያስተምሩ ነበር። ፋኖን ይህን ትምህርት የሳይንስ ልብስ የለበሰ ዘረኝነት አድርጎ ተቃወመው።

በሆስፒታሉ 165 አውሮፓውያን ሴቶችና 220 ሙስሊም ወንዶች በእርሱ ኃላፊነት ሥር ነበሩ። በሳን ታልባን የተማረውን ዘዴ በሴቶቹ ክፍል ሲጀምር ውጤቱ ፈጥኖ ታየ። ሴቶቹ በዓል አዘጋጁ፣ ጋዜጣ ጻፉ፣ የእጅ ሥራ ሠሩ። በወንዶቹ ክፍል ግን ያው ዘዴ ከሸፈ። ወንዶቹ በስብሰባው ዝም ብለው ይቀመጣሉ፣ የቅርጫት ሥራውን የሴት ሥራ ነው ብለው ይንቁታል፣ ብዙዎቹም ማንበብ ስለማይችሉ ጋዜጣው አልጠቀማቸውም። ፋኖን ዐረብኛ ስለማያውቅ የሚነጋገረው በአስተርጓሚ ነበር፤ አስተርጓሚ ደግሞ ሕሙማኑን ፍርድ ቤትንና ፖሊስን ያስታውሳቸው ነበር።

ፋኖንና ረዳቱ ዣክ አዙሌ ስሕተቱ የሕሙማኑ ሳይሆን የራሳቸው መሆኑን በ1954 ባወጡት ጽሑፍ አምነዋል። ለፈረንሳዮች የተዘጋጀን ሕይወት ለአልጄሪያውያን ሊያለብሱ መሞከራቸውን ተረዱ። ከዚያ በኋላ በሆስፒታሉ ውስጥ የአገሬው ዓይነት ቡና ቤት ተከፈተ፣ የሙስሊም በዓላት መከበር ጀመሩ፣ ተረት ነጋሪ ተጋበዘ፣ የእግር ኳስ ሜዳም ተዘጋጀ። ዝም ይሉ የነበሩት ሰዎች መናገር ጀመሩ።

ጦርነቱና ሕሙማኑ

የአልጄሪያ ብሔራዊ ነጻነት ግንባር (ኤፍ.ኤል.ኤን.) በኅዳር 1954 የትጥቅ ትግል ጀመረ። ፋኖን ቁስለኞችን በማከም፣ መድኃኒት በማቀበልና ተፈላጊዎችን በመደበቅ በምስጢር ይረዳ ነበር። በዚያው ጊዜ በሕጋዊ ሥራው የፈረንሳይ ፖሊሶችንም ያክም ነበር። ስለዚህ ተገራፊውም ገራፊውም ወደ አንድ ሐኪም ይመጡ ነበር። ፋኖን በኋላ በ«የምድር ጎስቋሎች» ውስጥ ያሰፈራቸው የሕሙማን ታሪኮች ከዚህ ዘመንና በቱኒዚያ ከሠራባቸው ዓመታት የተገኙ ናቸው።

ከሕሙማኑ አንዱ ቀኑን ሙሉ እስረኞችን በማሰቃየት የሚመረምር አውሮፓዊ የፖሊስ መኮንን ነበር። ማታ ቤቱ ሲገባ ሚስቱንና ልጆቹን ይደበድባል፤ አንድ ቀን ሚስቱን ከወንበር ጋር አስሮ ከመታት በኋላ ፈርቶ ወደ ሐኪም መጣ። ሐኪሙን የጠየቀው ግን ሥራውን እንዲተው እንዲረዳው አልነበረም። ሥራውን ሳይተው፣ ሕሊናውም ሳያስቸግረው መግረፉን እንዲቀጥል መርዳት ይችል እንደሆነ ነበር የጠየቀው።

ሌላው ፖሊስ ሌሊት ሌሊት ጩኸት ስለሚሰማው መስኮቱን ዘግቶ ጆሮውን በጥጥ ይደፍን ነበር። አንድ ቀን ሐኪሙን እየጠበቀ በሆስፒታሉ ግቢ ሲንሸራሸር ከአንድ አልጄሪያዊ ሕመምተኛ ጋር ፊት ለፊት ተገናኘ። እርሱ ራሱ የገረፈው ሰው ነበር። ፋኖን ሲደርስ ፖሊሱ ዛፍ ተደግፎ፣ በላብ ተጠምቆ ይንቀጠቀጥ ነበር። አልጄሪያዊው ደግሞ ጠፍቶ ሲፈለግ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ራሱን ሊያጠፋ ሲሞክር ተገኘ። ፖሊሱ መልሶ ሊወስደው የመጣ መስሎት ነበር።

ጦርነቱ ልጆችንም አልተወም። የ13 እና የ14 ዓመት ሁለት አልጄሪያውያን ልጆች አብሯቸው የሚጫወተውን አውሮፓዊ ልጅ ገደሉ። ለምን እንደገደሉት ሲጠየቁ ከልጁ ጋር ጠብ እንዳልነበራቸው ተናገሩ፤ አውሮፓውያን ዐረቦችን እየጨረሱ ስለሆነ፣ ትልቅ ሰው ለመግደልም አቅም ስለሌላቸው እኩያቸውን መረጡ። ልጁ አብሯቸው የሄደውም ጓደኛቸው ስለሆነ ነበር።

ፋኖን የራሱን ወገን ቁስልም አልደበቀም። ከነጻነት በኋላ በአንድ የአፍሪካ አገር የሚኖር የቀድሞ ታጋይ በየዓመቱ በአንድ ቀን አካባቢ እንቅልፍ ያጣል፣ ራሱን የማጥፋት ሐሳብም ይመጣበታል። ያ ቀን አሥር ሰዎች የሞቱበትን ቦምብ ያጠመደበት ዕለት ነበር። ሰውየው በትግሉ ትክክለኛነት ፈጽሞ አልተጠራጠረም። ሆኖም ከቀድሞ ቅኝ ገዥዎች መካከል ደጋግ ወዳጆች ካገኘ በኋላ፣ ከሞቱት ውስጥ እንደ እነርሱ ያለ ሰው ይኖር ይሆን የሚለው ሐሳብ አላስቀምጥ ብሎታል።

ከአልጄሪያ አብዮት ጋር

በ1956 መጨረሻ ፋኖን ለአልጄሪያ ገዥ ለሮቤር ላኮስት የሥራ መልቀቂያ ደብዳቤ ጻፈ። በደብዳቤው የአእምሮ ሕክምና ዓላማ ሰው በአካባቢው ባዕድ ሆኖ እንዳይሰማው ማድረግ ከሆነ፣ አልጄሪያዊን በገዛ አገሩ ባዕድ ባደረገ ሥርዓት ውስጥ ይህን ሥራ መሥራት እንደማይቻል አስረዳ። በጥር 1957 ከአልጄሪያ ተባረረ። ከዚያ በቱኒዝ ተቀምጦ ቀን በሆስፒታል እየሠራ፣ «ኤል ሙጃሂድ» ለተባለው የግንባሩ ጋዜጣ ይጽፍ ነበር። በቱኒዝም ሕሙማን ቀን ታክመው ማታ ወደ ቤታቸው የሚመለሱበትን የአእምሮ ሕክምና ክፍል አቋቋመ።

በ1959 ባሳተመው በአልጄሪያ አብዮት አምስተኛ ዓመት ላይ በተጻፈ መጽሐፉ ትግሉ የሕዝቡን ኑሮ እንዴት እንደለወጠ አሳየ። ለምሳሌ ብዙ አልጄሪያውያን ሬዲዮን የቅኝ ገዥው ድምፅ ነው ብለው ወደ ቤታቸው አያስገቡም ነበር። የታጋዮቹ ሬዲዮ ስርጭት ሲጀምር ግን ያንኑ ዕቃ ለመግዛት ተሻሙ፤ ፈረንሳዮች ስርጭቱን ሲያፍኑም ተሰብስበው በጩኸቱ መካከል የተሰማውን ቃል ለመያዝ ይሞክሩ ነበር።

ትግሉ ለፋኖንም ሸክም ነበረው። የግንባሩ መሪ የነበረውና የሚያከብረው አባን ራምዳን በ1957 መጨረሻ በገዛ ጓዶቹ ተገደለ። የግንባሩ ጋዜጣ በጦር ሜዳ እንደወደቀ አድርጎ ሞቱን ሲያወራ ፋኖን በአደባባይ ምንም አልተናገረም። ሲሞን ደ ቦቩዋር በኋላ በጻፈችው የሕይወት ታሪኳ፣ የአባንና የኮንጎው መሪ የፓትሪስ ሉሙምባ ሞት ሕሊናውን ይከብደው እንደነበር ገልጻለች።

በ1960 ፋኖን የአልጄሪያ ጊዜያዊ መንግሥት አምባሳደር ሆኖ ወደ ጋና ተላከ። በዚህ ዘመን በአክራ፣ በኮናክሪ፣ በአዲስ አበባ፣ በሌዎፖልድቪልና በካይሮ በተደረጉ ስብሰባዎች ተገኝቶ የአፍሪካ አገሮች ለአልጄሪያ ተጨባጭ ድጋፍ እንዲሰጡ ጠይቋል። በዓመቱ መጨረሻም ከማሊ በሰሃራ በኩል ለታጋዮች መሣሪያ የሚገባበትን መንገድ ለማጥናት ረጅም ጉዞ አደረገ።

የምድር ጎስቋሎች

ከዚህ ጉዞ በኋላ ፋኖን የደም ካንሰር (ሉኪሚያ) እንደያዘው ታወቀ። በሶቭየት ኅብረት ታክሞ ጥቂት ከተሻለው በኋላ፣ የቀረው ጊዜ አጭር መሆኑን እያወቀ በ1961 በጥቂት ወራት ውስጥ «የምድር ጎስቋሎች»ን በቃል እያስጻፈ ጨረሰ። በዚያው ክረምት ሮም ላይ ከዣን ፖል ሳርትርና ከሲሞን ደ ቦቩዋር ጋር ተገናኘ፤ ሳርትርም ለመጽሐፉ መቅድም ጻፈ።

የመጀመሪያው ምዕራፍ ስለ ዓመፅ ነው። ፋኖን ቅኝ ግዛት ከመጀመሪያውም በኃይል የተመሠረተና በኃይል የሚኖር ስለሆነ በልመና አይፈርስም ይላል። የሰፋሪው ከተማ መብራትና አስፋልት ያለው፣ የተገዥው መንደር ደግሞ የተጨናነቀና የተራበ ነው፤ በሁለቱ መካከል የሚቆመውም ፖሊስና ወታደር ነው። ተገዥው በየቀኑ የሚውጠው ቁጣ መጀመሪያ በወንድሙ ላይ ይፈነዳል። በጋራ ትግል ቁጣው ወደ ገዥው ሲዞር ግን ከፍርሃትና ከበታችነት ስሜት ነጻ ያወጣዋል ብሎ ያምናል።

ቀጣዮቹ ምዕራፎች ከነጻነት በኋላ ስለሚመጣው አደጋ ያስጠነቅቃሉ። የተማረው ወገን የሰፋሪውን ወንበርና ቪላ ብቻ ከወረሰ፣ ፓርቲው የሕዝቡ ተቆጣጣሪ፣ መሪው የጥቂቶች ጋሻ፣ አገር ፍቅርም የጎሣ ጠብ እንደሚሆን ገለጸ። የመጨረሻው ሰፊ ምዕራፍ ከላይ የተጠቀሱትን ሕሙማን ታሪኮች የያዘ ነው። ስለዚህ በዓመፅ ጥሪ የጀመረው መጽሐፍ ሊዘጋ ሲል አንባቢውን ወደ ሕሙማን ክፍል ያስገባዋል። ፋኖን የቅኝ ግዛት ጦርነት ቁስል ከነጻነት ቀን በኋላ ለብዙ ዓመታት መታከም እንደሚኖርበት ገልጿል።

ሞት

ሕመሙ ሲበረታ ፋኖን በ1961 ለሕክምና ወደ ዩናይትድ ስቴትስ ተወሰደ። መጽሐፉ በፓሪስ ታትሞ ወዲያው በፖሊስ መያዝ ጀመረ፤ ቅጂው ግን በሞት አልጋው ላይ ደረሰው። በዲሴምበር 6 ቀን 1961 በሜሪላንድ ክፍለ ግዛት በቤተስዳ ከተማ አረፈ። አስከሬኑ ወደ ቱኒዝ ተወስዶ፣ ታጋዮች ድንበር አሻግረው በአልጄሪያ ምድር ቀበሩት። አልጄሪያ ነጻ የወጣችው ከሰባት ወር በኋላ በጁላይ 1962 ነው።

ትችትና ውርስ

የፋኖን ሥራዎች በደቡብ አፍሪካ በስቲቭ ቢኮ፣ በዩናይትድ ስቴትስ በብላክ ፓንተር ፓርቲ፣ በብራዚል በመምህሩ በፓውሎ ፍሬሬ ዘንድ ትልቅ ተጽዕኖ አሳድረዋል። በኢትዮጵያም በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ የተማሪዎች ንቅናቄ ውስጥ መጽሐፎቹ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፉ፣ ስለ ትጥቅ ትግል በሚደረገው ክርክርም ስሙ ይነሳ ነበር።

ተቃዋሚዎችም አላጣም። ፈላስፋዋ ሐና አረንት በ1970 ባሳተመችው መጽሐፍ ዓመፅን ማወደስን ነቅፋለች፤ በዚያው ጊዜ ፋኖን ራሱ ከብዙዎቹ አድናቂዎቹ ይልቅ ስለ ዓመፅ ጥርጣሬ እንደነበረው አልካደችም። ሌሎች ተቺዎች የሳርትር መቅድም ከመጽሐፉ ይልቅ ዓመፅን አጋንኖ ስላቀረበ የብዙ አንባቢዎችን አመለካከት እንዳዛባ ይናገራሉ። በ«ጥቁር ቆዳ፣ ነጭ ጭምብል» ውስጥ በጥቁር ሴቶች ላይ የሰጠው ፍርድ ሚዛን የጎደለው መሆኑም ተተችቷል። በነጻዋ አልጄሪያ ለረጅም ዘመን የአንድ ፓርቲ አገዛዝ መስፈኑ፣ በትግሉ የተሳተፉ ሴቶችም ተስፋ ያደረጉትን እኩልነት ሳያገኙ መቅረታቸው ትግል ብቻውን ሰውን ይለውጣል የሚለውን እምነቱን ለጥያቄ አቅርቦታል። በአንጻሩ ስለ አዲሶቹ ገዥዎች የሰጠው ማስጠንቀቂያ በብዙ የአፍሪካ አገሮች መፈጸሙ ይነገርለታል።

በሥነ ልቦናና በአእምሮ ሕክምና ዘርፍ ዛሬ የሚጠቀሰው ሕመምን ከሕመምተኛው ታሪክ፣ ቋንቋና ኑሮ ጋር አያይዞ በማየቱ ነው። ከጦርነት ለተመለሱ፣ በምርመራ ለተሰቃዩና ለተሰደዱ ሰዎች ሕክምና የሚሰጡ ባለሙያዎች የሕሙማን መዝገቦቹን አሁንም ያነባሉ። በብሊዳ የሠራበት ሆስፒታል ከነጻነት በኋላ በስሙ ተሰይሞ እስካሁን የአእምሮ ሕሙማንን ይቀበላል።